«አሰልቺ ነሽ እንዴ?»… ስፓኒሽ ለሚማሩ የሐረር ልጆች

መቼም የሐረር ልጅ ቋንቋ አይፈራም። ቤት ውስጥ ሐረሪኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛና ሶማሊኛ ሲሰማ ያደገ ሰው ስፓኒሽ ቢጨምር ምን ያቅተዋል? ስፓኒሽ ራሱም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች በዚሁ በሐረርጌ ግንባር ተሰልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህም በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ፣ ኩባ «የወጣቶች ደሴት» ሄደው ተምረዋል። ዛሬ ደግሞ ጀጎልን የሚያስጎበኙ ወጣቶች ስፓኒሽ ይማራሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሴር» ወይስ «ኤስታር»? ሁለቱም በእኛ «ነው» ናቸዋ!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እንጀራ ያሳጣል። አንድ አስጎብኚ ልጅ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሁለት ሰዓት ያዞራትን ስፔናዊት «ሰለቸሽ እንዴ?» ሊላት ፈልጎ «ኤሬስ አቡሪዳ?» አላት። «አሰልቺ ሴት ነሽ እንዴ?» ማለት እኮ ነው! የሚባለው «ኤስታስ አቡሪዳ?» ነበር። ሴትዮዋ ፊቷን አጥቁራ ጉብኝቱን እዚያው ሰንጋ በር ላይ ጨረሰችው። ጉርሻም የለ።

የመማሪያ መጻሕፍቱ «ሴር ለዘላቂ፣ ኤስታር ለጊዜያዊ» ይላሉ። ብዙ አትመኑት። ሞት ጊዜያዊ ነው እንዴ? ስፔኖች ግን ስለ ሟች «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው የሚሉት፣ በኤስታር! እንግሊዝኛውን ተዉትና በአማርኛ ሞክሩት። «ሞቷል»፣ «ተዘግቷል»፣ «ሰልችቶሻል» የሚያስብል ከሆነ፣ ማለትም ነገሩ ደርሶ ውጤቱ የሚታይ ከሆነ፣ ኤስታር ነው። በሩ ተዘግቷል፤ «ላ ፑዌርታ ኤስታ ሴራዳ»። «ይገኛል» የሚባልበትም እንዲሁ ነው፤ ሐረር ከቦታዋ ባትነቃነቅም የት እንዳለች ሲነገር «ኤስታ» ትባላለች። ድግስ ወይም ስብሰባ የት እንደሚደረግ ስትናገሩ ግን ሴር ነው።

ለማድነቅ ለምትፈልጉ ደግሞ (አውቀናችኋል!) «ኤሬስ ጉዋፓ» ቆንጆ ነሽ፣ «ኤስታስ ጉዋፓ» ዛሬ አምረሻል ነው። ሁለተኛውን ስትሉ ተጠንቀቁ፤ «ትናንትናስ?» እንዳትባሉ።

ሌላው ጣጣ «ደስ ይለኛል» ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ዮ ጉስቶ ካፌ» ይልና ስፔናዊውን ግራ ያጋባል። አማርኛችን እያለ! «ቡና ደስ ይለኛል» ስንል ደስ የሚለው ቡናው ነው፤ እኛ ያለነው «ኝ» ውስጥ ነው። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ልክ እንደዚያው ናት፤ «ሜ» ማለት «ኝ»። ራሴን ያመኛልም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ነው።

«ፖር» እና «ፓራ» ለብቻቸው አንድ ገጽ ይፈልጋሉ። ለዛሬ ይቺን ያዙ፤ ስጦታው «ላንቺ» ከሆነ ፓራ፣ መከራውን ያየሁት «ስላንቺ» ከሆነ ፖር።

የእኛን ልጆች ቅር የሚያሰኛቸው ደግሞ አንድ የሃያ ዓመት ስፔናዊ ገና ሰላም ሳይል «ቱ» (አንተ) ሲላቸው ነው። ንቀት አይደለም፣ አገሩ እንደዚያ ነው። እናንተ ግን ለአዛውንት እንግዳ «ኡስቴድ» በሉ፤ ግሱም ለ«እሱ» እንደምትሉት ይሆናል፣ «ኤስታስ» ቀርቶ «ኤስታ»። እሳቸው ራሳቸው «ቱ በለኝ» ካሉ ያኔ አንቱታውን ተዉት።