የፓድማ ድልድይ

ድልድይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከውሃው በላይ የሚታየውን ብቻ ነው። እኔ ግን ዛሬ በባንግላዴሽ አገር በፓድማ ወንዝ ላይ ወደ ተሠራው ታላቅ ድልድይ በሐሳብ ወስጃችሁ፥ ዓይን የማያየውንም ክፍል ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ከዋናው ከተማ ከዳካ ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ማዋ ከምትባለው ሥፍራ ስንደርስ ወንዙን እናገኘዋለን። ፓድማ የጋንጅስ ወንዝ በባንግላዴሽ የሚጠራበት ስም ነው፤ እዚህ ከመድረሱም በፊት ከብራማፑትራ ውሃ ጋራ ስለሚቀላቀል እጅግ ሰፊና ኀይለኛ ነው። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት በዚህ ሥፍራ ሰውም መኪናም የሚሻገረው በመርከብ ነበር። ጭጋግ ሲወርድ መርከቡ ይቆማል፤ ወደ ዳካ ሐኪም ቤት የሚወሰደውም በሽተኛ ከወንዙ ዳር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክ በላይ ሰው የጫነች አንዲት መርከብ በማዋ አጠገብ ሰጥማ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ።

ድልድዩ ባለ ሁለት ደርብ ነው። በላይኛው ደርብ መኪና፥ በታችኛው ባቡር ይሄዳል፤ ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣምና። እያንዳንዳቸው 150 ሜትር የሚረዝሙ 41 የብረት ክፍሎች በ42 ምሰሶዎች ላይ ተጋድመዋል፤ ይህን ያባዛ ተማሪ የድልድዩን ርዝመት 6150 ሜትር ሆኖ ያገኘዋል። የክፍሎቹ ጎን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተያያዘ ብረት ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኑ ካልታጠፈ ወይም ካልተሰበረ ቅርጹን አይለውጥም።

አሁን ወደ ተሰወረው ክፍል እንውረድ። የወንዙ ወለል ዐለት ሳይሆን አሸዋና ደለል ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ይህን አሸዋ ከምሰሶዎቹ ሥር እስከ 60 ሜትር ያህል ጠርጎ ሊወስድ እንደሚችል መሐንዲሶቹ አሰሉ። ስለዚህ 3 ሜትር ስፋት ያላቸውን የብረት ቱቦዎች በታላቅ መዶሻ እየመቱ እስከ 120 ሜትር ያህል ጥልቀት ተከሉ፤ ይህም ባለ 40 ፎቅ ቤት ቁመት ነው። ቱቦው ዐለት ባይነካም፥ የላይኛው አሸዋ ቢጠረግ እንኳ ከታች የቀረው ዙሪያውን ጨብጦ ይይዘዋል። ወንዙ ውስጥ ለቆመው ለእያንዳንዱ ምሰሶ 6 ወይም 7 ቱቦዎች ሲኖሩት፥ በዙሪያ ያሉት እንደ በርጩማ እግር ወደ ውጭ ዘመም ብለዋል።

ሥራው ያለ ችግር አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ባንክ የሙስና ጥርጣሬ አለ ብሎ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድሩን ሰረዘ፤ የባንግላዴሽ መንግሥት ግን በራሱ ገንዘብ ለመሥራት ቈረጠ። በ2017 አንድ የካናዳ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ የተከሰሱትን ሰዎች በነጻ ለቀቀ። ድልድዩም በ2022 ለመኪና፥ በ2023 ለባቡር ተከፈተ።

እኛ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ስንማር፥ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እያልን እናጕረመርማለን። ዛሬ አንዲት እናት የታመመ ልጅዋን ታቅፋ ፓድማን በጥቂት ደቂቃ የምትሻገረው ግን ያንኑ ትምህርት በትጋት የተማረ ሰው ሒሳቡን በትክክል ስለ ሠራላት ነው።