ከግድግዳ ሥዕል ወደ ማልያ፦ የቀድሞ የእግር ኳስ ቡድኖች ስምና ዓርማ

በጉለሌም ሆነ ከጉለሌ ቁልቁል በሚወረድበት በአራዳ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ የሚሣለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አሣሣሉ የታወቀ ነው፤ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ቁልቁል ይሰብቃል፣ ዘንዶው ከፈረሱ ኮቴ ሥር ይንፈራገጣል፣ ለዘንዶው ልትሰጥ የነበረችው ብሩታዊት ደግሞ ዛፍ ላይ ሆና ትመለከታለች። ሥዕሉ ተጨምቆ በማልያ ደረት ላይ ሲያርፍ ለብሩታዊትና ለዛፏ ቦታ አይተርፍም፤ ፈረሱና ፈረሰኛው ግን ስለ ሁሉም ይናገራሉ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ማኅበር ተጫዋቾች «ፈረሰኞቹ» የተባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓርማ ማለት አንድ ማኅበር ከሌላው የሚለይበት ምልክት ሲሆን፣ በስፖርት ዓለም ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የቡድኑን ስምና የማልያውን ቀለም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ ነገር ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የቡድን ምልክት ከሁሉ በፊት የሚናገረው ቡድኑ የማን እንደሆነ ነው፤ ባለቤቱ ወይም መንግሥቱ ሲለወጥ ስሙ ይለወጣል፣ ስሙም ሲለወጥ ምልክቱ ይከተላል።

የአሜሪካውያኑ ታሪክ ለንጽጽር ይጠቅማል። የአሜሪካ እግር ኳስ የሚባለው፣ ኳሱ በእጅ እየተያዘ በመጋፋት የሚካሄደው ጨዋታ፣ ተጫዋቹን የራስ ቁር ስለሚያስደፋው ዓርማው ከደረት ይልቅ ራስ ላይ ይወጣል። ይህም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሬድ ጌርኪ የተባለ፣ ሥዕል የተማረ የሎስ አንጀለስ ራምስ ተጫዋች የቡድኑን የራስ ቁሮች በእጁ እየቀባ የበግ አውራ ቀንድ በሣለባቸው ጊዜ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቁር አንድ ዶላር ይከፈለው ነበር። ለኢትዮጵያ ልማድ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን ሌሎች ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ ግሪን ቤይ ፓከርስ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲመሠረት ለማልያ መግዣ 500 ዶላር የሰጠው ሥጋ አሻጊ ኩባንያ ስለነበረ «አሻጊዎቹ» ተብሎ ቀረ፤ ፒትስበርግ ስቲለርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የብረታ ብረት ኢንዱስትሪውን የንግድ ምልክት እንዳለ ወስዶ በራስ ቁሩ በአንድ ጎን ብቻ ለጠፈው፣ እስከ ዛሬም በአንድ ጎን ብቻ ነው። ፋብሪካ ለቡድን ስሙንና ምልክቱን ሲያወርስ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት የጣሊያን ጦር ድንበር አልፎ ገብቶ ነበር። ስሙ የአራዳው ቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለቱ የተገኘበት ሰማዕት በመሆኑ፣ ሁለተኛው ወረራ በገባበት ሰሞን ይህን ስም መያዝ ለሰሚው የሚያስተላልፈው ነገር ነበረ። ወራሪውም ይህ የጠፋው አይመስልም፤ በወረራው ዘመን ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደርጓል። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የጥንት የሮማ ባለሥልጣናት አጃቢዎች ይይዙት የነበረውን፣ መጥረቢያ የተሰካበትን የታሰረ የበትር ነዶ ያመለክታል፤ ፋሺስቶች ስማቸውንም ዓርማቸውንም የወሰዱት ከዚሁ ነዶ ነው። ስለዚህ በሰማዕቱ ስም የተጠራ ቡድን በጠላት ዓርማ ስም እንዲጠራ ተገደደ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ሳንጠረጥረው የቀረልን ቃልም አለ፤ «ማልያ» ራሱ ጣሊያንኛ ነው።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የአዲስ አበባን ነዋሪዎች በየማኅበረሰባቸው የሚወክሉ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች ሲሆኑ አምስተኛው የብሪታንያ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበር። ስሞቹን ብቻ ያነበበ ሰው ዓርማ ሳያይ የየማኅበረሰቡን ናፍቆት ይረዳል፤ አርመኑ የኖኅ መርከብ ያረፈበትን ተራራውን፣ ግሪኩ ኦሊምፒያውን፣ ጣሊያኑ «ብርታት» የሚል የላቲን ቃል ይዞ ሜዳ ገብቷል። ዋንጫውን የወሰደው ግን ምንም ዓይነት ቅኔ በስሙ ያላስገባው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው።

ቀጥሎ የመጣው የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ዘመን ነው። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሕዝቡ «ኮተን» የሚለው፣ በ1952 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር ሲያገኝ በ1954፣ በ1955ና በ1957 ዓ.ም. ደገመው፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሏ የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎም የኮተንን ማልያ የለበሰ ተጫዋች ነው። ቴሌ፣ ሲሚንቶ፣ መብራት ኃይል፣ ቡና ገበያ ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። የእነዚህ ቡድኖች ስም ውበት ይጎድለዋል የሚል ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ቡና የሚያበጥር ሠራተኛ የራሱን ሥራ ስም በደረቱ ይዞ መጫወቱ ከንስርና ከነብር ሥዕል ያነሰ ክብር የለውም።

የስም ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በደርግ ዘመን ነው። የሻምፒዮኖቹን ዝርዝር በተርታ ማንበብ የዘመኑን ጋዜጣ ርእሶች እንደማንበብ ይቆጠራል፤ በሶማሊያ ጦርነት ማግሥት፣ በ1970 ዓ.ም.፣ አሸናፊው «የኦጋዴን አንበሳ» ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. «ትግል ፍሬ»፣ በ1973 ዓ.ም. «እርምጃችን» ተከተሉ። በመካከላቸው፣ በ1971 ዓ.ም.፣ የፖሊስ ሠራዊት ቡድን የሆነው ኦሜድላ ዋንጫውን ወስዷል። ኦሜድላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉበት ስፍራ ነው፤ የንጉሡ ስም ከየአደባባዩ በሚፋቅበት ዘመን፣ የመመለሻቸው በር ስም በአብዮቱ ሜዳ ሻምፒዮን ሆኖ መነበቡን ማንም ልብ ያለው አይመስልም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ያን ያህል ዕድለኛ አልነበረም። ሰማዕቱ ከስሙ ተነሥቶ ቡድኑ «ቢራ» ተባለ፤ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. የተገኙት ሁለት የሻምፒዮንነት ክብሮች የተመዘገቡትም በዚህ ስም ነው። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ቡድኑ የተሰጠው የቢራ ፋብሪካ ራሱ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም የያዘው ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑ ነው፤ በአንዱ በር የወጣው ፈረሰኛ በሌላው በር አጠገብ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ደርግ ሲወድቅ ቡድኑ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ፤ ደጋፊው ዛሬም «ሳንጅዬ» እያለ ይጠራዋል።

የወታደሩ ቡድንም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ዙር ዞሯል። በንጉሡና በደርግ ዘመን «መቻል» ሲባል የኖረው ቡድን ኋላ ላይ የባለቤቱን የመሥሪያ ቤት ስም ይዞ «መከላከያ» ሆኖ ለዓመታት ቆየ፤ በ2014 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ስም ከፊቱ ተነሥቶ እንደገና መቻል ተባለ።