የዴዴሳ ጉማሬ፣ የውቅያኖሱ ዘመዱና የመርከብ ጩኸት

ወለጋ ባሕር ባይኖራትም የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ አላት። ከነቀምት ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገረው ዴዴሳ ወንዝ የጉማሬ መኖሪያ ነው፤ በሕይወት ካሉ እንስሳት ደግሞ ለዓሣ ነባሪ በዝምድና የጉማሬን ያህል የሚቀርበው የለም።

ጉማሬ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ሲያጓራ ድምፁ በአንድ ጊዜ በአየርም በውሃም ይጓዛል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ባርክሎው እንዳሳዩት፣ ጠልቀው ያሉት ጉማሬዎችም ጥሪውን ሰምተው ይመልሳሉ። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይከንፋል፤ በአየር ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

ጣጣው የሚመጣው ዘመዱ ዓሣ ነባሪ በሚኖርበት ውቅያኖስ የመርከብ ሞተር ሲጨመርበት ነው።

ጩኸቱ ርቆ እየተጓዘ የዓሣ ነባሪዎችን ጥሪ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ከኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የመርከብ ምልልስ ሲቀንስ፣ የውሃ ውስጥ ጩኸቱ በ6 ዴሲቤል ወረደ። ከዓሣ ነባሪዎቹ ዓይነ ምድር የተለካው የጭንቀት ሆርሞንም አብሮ ቀነሰ።

መርከብ ሲዘገይ ጩኸቱም ይቀንሳል። የቫንኩቨር ወደብ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መርከቦች በፈቃዳቸው ፍጥነት እንዲቀንሱ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።