የዶሮ ቤት አቧራ፣ የሳንባ ሕመምና የቅልጥም እባጭ

የዶሮ ኩስ ለጎመንና ለድንች መደብ የሚሰጠው ጥቅም በአያትና በእንጦጦ ተዳፋት ሥር ዶሮ ለሚያረቡ ሁሉ የታወቀ ነው። ለዓመታት የቆየ ጉዝጓዝ በደረቁ ሲዛቅ የሚነሣው አቧራ ግን ሳንባንና ቆዳን ሊጎዳ እንደሚችል ብዙ ጊዜ አይታሰብም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምልክቱን ዐውቀው አባሎቻቸውን እንዲጠብቁ ለመርዳት ነው።

በሽታው እንዴት ይነሣል?

የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ የተቀላቀለበት አፈር ሂስቶፕላዝማ ለተባለው ፈንገስ ተስማሚ መራቢያ ነው። ሐኪሙ ሳሙኤል ዳርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓናማ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነ ዶሮዋ አትያዝም፤ የሌሊት ወፍ ግን ይያዛል። አደገኛው ትኩሱ ኩስ ሳይሆን ከአፈር ጋር የተዋሐደው አሮጌው ነው።

አቧራውን ከተነፈሱት ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። የሚታመሙት ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት ውጋትና ድካም ይይዛቸዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ አይተላለፍም።

በቆዳ ላይ የሚታየው ምልክት

በአንዳንድ ሕሙማን፣ በተለይም በሴቶች፣ በቅልጥም ፊት ላይ ሲነኩት የሚያም ጠጣር እባጭ ይወጣል፤ መገጣጠሚያም ያማል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በደንብ ስለማይለይ በእጅ ዳሶ ማወቅ ይሻላል። እባጩ የሰውነት መከላከያ ለሳንባው ሕመም የሚሰጠው ምላሽ እንጂ ፈንገሱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ አይደለም። ስለዚህ የፈንገስ ቅባት አይፈውሰውም። አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርጥ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል።

ይሁን እንጂ የሳንባ ነቀርሳም ይህንኑ እባጭ ያስከትላል። የሥጋ ደዌ ሕሙማንም ተመሳሳይ እባጭ ሊወጣባቸው ይችላል። ስለሆነም በግምት መድኃኒት መግዛት አይገባም። ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው ሰዎች ላይ ፈንገሱ ራሱ ወደ ቆዳና ወደ ሌላ አካል ተሠራጭቶ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል፤ እነዚህ ሰዎች አሮጌ ጉዝጓዝ እንዲዝቁ ፈጽሞ መመደብ የለባቸውም።

የጋሪ ፈረስ እባጭ

የዚሁ ፈንገስ ዘመድ በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል። በእግር፣ በአንገትና በደረት ላይ እባጮች እንደ ገመድ ተከታትለው ይወጡና ይፈርጣሉ። በአብዛኛው የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ የታመመውን ፈረስ መለየት፣ ኮርቻውንና ልጓሙን ለሌላ አለማዋስ፣ የእንስሳት ሐኪምንም ማማከር ይገባል።

መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ሀ. ጉዝጓዙ ሳይከማች ቶሎ ቶሎ ይጠረግ።
ለ. ከመዛቁ በፊት ውኃ በቀስታ ይረጭበት፤ በደረቁ አይጠረግ።
ሐ. በርና መስኮት ይከፈት፤ ሕፃናት ይራቁ።
መ. ተራ ጨርቅ ደቃቁን አቧራ አያግድም፤ ማኅበሩ አቧራ የሚያጣራ የፊት ጭንብል ይግዛ።
ሠ. የተዛቀው እርጥብ እንዳለ ተሸፍኖ ይብላላ።
ረ. የሌሊት ወፍ ወደ ጎተራና ወደ ጣሪያ እንዳይገባ ቀዳዳው ይደፈን።

ዶሮ ቤት ካጸዳ በኋላ ያሳለው፣ ያተኮሰው ወይም ቅልጥሙ ያበጠ አባል ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ሲሄድም ምን ሥራ ሲሠራ እንደነበረና መቼ እንደሠራ ለሐኪሙ እንዲናገር ይነገረው፤ ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ሕመሙን በቀላሉ ከነቀርሳ ጋር ሊያምታታው ይችላል።