የላይኛው ቁጥር ለምን ይጨምራል? ከኬብል እስከ ደም ቧንቧ

ማኅበራችን ውስጥ ኢንጂነሪንግ የሚማሩም፣ እንደ እኔ ነርሲንግ የሚማሩም አሉ። ዘንድሮ ስለ ደም ዝውውር ስንማር ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ስላገኘሁ ላካፍላችሁ።

ከኬብል እንጀምር። ኬብሉ መጨረሻ ላይ ያለው መሣሪያ ከኬብሉ ጋር ካልተጣጣመ፣ ከተላከው ሞገድ ከፊሉ ነጥሮ ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ ሲደራረቡ ቦታውን የማይለቅ ሞገድ ይፈጠራል፤ አንዱ ነጥብ ላይ ቮልቴጁ ከፍ፣ ሌላው ላይ ዝቅ ይላል። ለመሣሪያው የሚደርሰው ኃይል ግን ከሄደው ላይ የተመለሰው ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው። ሁሉም ከተመለሰ፣ ቮልቴጁ በቦታ በቦታው እጥፍ ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ኃይል ዜሮ ነው።

ልባችንም ሞገድ ይልካል። አንጓችን ላይ በጣት የምንዳስሰው ትርታ የግፊት ሞገድ እንጂ የደሙ ጉዞ አይደለም። ሞገዱ በወጣት ሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ደሙ ራሱ በጣም ቀርፋፋ ነው። ቧንቧው ወደ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሲከፋፈል ከሞገዱ ከፊሉ ይመለሳል። ተመላሹ ግፊት ላይ ይደመራል፣ ከፍሰት ላይ ግን ይቀንሳል። ቅርንጫፉ ብዙ ስለሆነና ሞገዱ በመንገድ ስለሚደክም፣ እንደ ኬብሉ ጥርት ያለ የቆመ ሞገድ አይታይም።

በወጣትነት ተመላሹ ሞገድ በአብዛኛው የሚደርሰው ልብ መግፋቱን ሲጨርስ ነው። ያኔ ልብ የራሱን ደም ስለሚያገኝ ይጠቅመዋል። ቧንቧው በዕድሜ ሲደርቅ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ተመላሹ ቀድሞ ይደርስና ልብ ገና እየገፋ ሳለ ይጋጠመዋል። የደረቀው ቧንቧም እንደ ድሮው አይለጠጥም። ስለዚህ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፣ የታችኛው ባለበት ይቆያል ወይም ይወርዳል።

ቤታችን ውስጥ «የታችኛው ደህና ነው፣ የላይኛው የዕድሜ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ዕድሜ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ሼፕ የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው የላይኛው ብቻ ከፍ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም ስትሮክ በ36 በመቶ ቀንሷል።

ስለዚህ ለእማዬ፣ ለአባዬ፣ ለአክስቶቻችን ግፊት ስንለካ 5 ደቂቃ አርፈው ይቀመጡ፤ ክንዳቸው በልብ ከፍታ ይሁን። የተለያዩ ቀናት ልኬት፣ ሁለቱንም ቁጥር ጽፈን ለሐኪማቸው እንስጥ። 160 በ70 ሲመጣ በ70ው ብቻ አንጽናና።