ውሻ ወደ ቤት ከማግባት አስቀድሞ ዕድሜውን መመርመር እንደሚገባ

በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት የእንስሳውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ማየቱ ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ጥርሱ ዕድሜውን፣ ዕድሜውም የሚያገለግልበትን ዘመን ያስታውቃልና። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለቤቱ ጠባቂ፣ ለልጆቹም ባልንጀራ የሚሆን ውሻ በሚሻበት ጊዜ ይህን ምርመራ ትቶ፣ ያገኘውን ቡችላ በመልኩ ማማር ብቻ ተማርኮ አቅፎ ወደ ቤቱ ያገባል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በእንስሳው ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ለጎረቤትና ለመንደር ሁሉ የሚተርፍ ስለሆነ፣ ነገሩ በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል።

በብዙ ሰው ዘንድ የጸናው አሳብ፣ ውሻ በቡችላነቱ ካልተያዘ ጌታውን አይለምድም የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት የሆነ ክፍል አለበት። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የውሾችን ጠባይ ብዙ ዓመት መርምረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ከሰው ጋር መኖርን የሚለምድበት ዋና ጊዜ ነው። በዚህ ወራት ሰው ያልቀረበው ቡችላ ካደገ በኋላ ሰውን እየፈራ ይኖራል። ሆኖም ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ቡችላ ትጉህ አሳዳጊ የሚያስፈልገው መሆኑን ነው እንጂ፣ ለማናቸውም ቤት የሚስማማ መሆኑን አይደለም።

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ሊለይ አይገባውም፤ ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነውና። ወደ አዲሱ ቤት ከገባ በኋላም በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መመገብ ያሻዋል፤ ሽንቱን ሌሊቱን ሙሉ ሊይዝ አይችልም፤ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ረግፈው በ7 ወር ገደማ 42ቱ ዋና ጥርሶች እስኪሟሉ ድረስ ጫማውንም ምንጣፉንም ያኝካል። ባልና ሚስት ማልደው ወደ ሥራ፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ቤት ግን ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ቡችላው ታስሮ ይውላል፤ ብቸኝነቱም ፈሪ ወይም ቍጡ ያደርገዋል። ሴት የሆነች እንደሆነም ከ6 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልትፀንስ፣ ከፀነሰችም በ63 ቀን ገደማ ልትወልድ ትችላለችና፣ ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ባለቤት ዓመት ሳይሞላው የብዙ ቡችሎች ባለዕዳ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አያሌ ሰዎች የሚያደርጉት በጨለማ ወስዶ ከመንገድ ዳር መጣል ነው።

ከመንገድ የተጣለ ውሻ ክትባት የሚያስከትብለት ጌታ የለውም። ኢትዮጵያም የእብድ ውሻ በሽታ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዲቱ ናት። በዓለም በሙሉ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ የሚበዙትም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። ሉዊ ፓስተር በዚሁ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ መከላከያው የታወቀ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ከ100 ውሾች 70ው የተከተቡ እንደሆነ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ፤ ውሻን ከቤት አውጥቶ መጣል ግን ይህን ሥራ የሚያፈርስ ነው።

እንዲህም ሲባል ቡችላ ለማሳደግ ጊዜ የሌለው ሰው ውሻ ይቅርበት ማለት አይደለም። ጌታው በሞት ወይም በሥራ ዝውውር የተለየውን የጐለመሰ ውሻ ተቀብሎ ማኖር ይችላል። የእንዲህ ያለው ውሻ ቁመቱም ጠባዩም የታወቀ ነው፤ ሕፃናትን ይታገሥ እንደሆነ፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚያውቁትን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። አዲስ ጌታ አይለምድም የሚባለውም በምርመራ የተሻረ ነው። የሀንጋሪ ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ በመጠለያ የሚኖሩ የጐለመሱ ውሾች አንድን እንግዳ ሰው 3 ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜውም ለ10 ደቂቃ ካገኙት በኋላ ከሌላው ሰው ለይተው ሲቀርቡት ታይተዋል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው የአገር ምሳሌም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። በለንደን ከተማም ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በዚሁ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ለጠፉና ለተጣሉ ውሾች ያቋቋመችው መጠለያ እስከ ዛሬ ድረስ ውሾችን ለአዲስ ባለቤቶች ሲያስረክብ ይኖራል።

የውሻ ዕድሜም እንደ በሬው ከጥርሱ ይመረመራል። የ1 ዓመት ውሻ የፊት ጥርሶቹ ነጭና ጫፋቸው ያልተበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየጊዜው እየተበሉ ይሄዳሉ። ነገር ግን አጥንትና ድንጋይ የሚያኝክ ውሻ ጥርሱ ፈጥኖ ስለሚያልቅ፣ በጥርስ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በአፉ ዙሪያ የሚታየው ሽበትና የዓይኑ መደብዘዝ ወደ ሽምግልና መቅረቡን ያመለክታሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ቢያየው ደግሞ ግምቱ የተሻለ ይሆናል። ግዙፍ ውሻ ከትንሹ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያረጅም መዘንጋት አይገባም።

ስለሆነም ቀኑን ሙሉ ሰው የማይታጣበት ቤት ቡችላ ቢያሳድግ ይችለዋል። ሥራ ለሚበዛበት ቤተሰብ ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆነው ይስማማዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ቡችላ ይዞ ኋላ ያለ ጠባቂ ከሚተወው፣ ረጋ ያለ ሸምጋላ ውሻ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሆኖም ለጥርሱና ለመገጣጠሚያው ሕክምና ወጪ እንደሚያስፈልግ፣ አብሮ የሚኖርበትም ዘመን አጭር እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ።

የጐለመሰ ውሻ የሚቀበል ሰው የክትባቱን ወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀት ከሌለው ሳይዘገይ ያስከትበው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከግቢ እንዳይወጣ ይጠብቀው፤ በተወሰነ ሰዓት ይመግበው፤ ልጆችም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ያስጠንቅቅ። ውሻ ጌታውን መርጦ አይገባም፤ የሚመርጠው ሰው ነው። መራጩ የቤቱን አቅምና የእንስሳውን ዕድሜ አስቀድሞ ያመዛዘነ እንደሆነ፣ ለውሻው ዕረፍት፣ ለቤቱ ጥበቃ፣ ለመንደሩም ሕፃናት ደኅንነት ይሆናል።