በዕጣን ዛፍ ሥር የሚኖረው ፈንገስ

በጓሮዎቻችን በክረምት በቆሎና ጎመን ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አፈሩም ዝናቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከመሬት በታች ነው። በበቆሎው ሥር ውስጥ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል። ጎመንና ዘመዶቹ ግን ይህን ፈንገስ አያስጠጉም።

ይህ የሥርና የፈንገስ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ቡናም አላቸው። ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ምግብ ለፈንገሱ ያካፍላል፤ ፈንገሱ ደግሞ ፎስፈረስ፣ ዚንክና ውሃ ያመጣለታል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ዝናብ ሲቆራረጥ ነው። የፈንገሱ ክሮች ከሥር ፀጉሮች ይቀጥናሉና ሥር ሊገባበት በማይችለው የአፈር ቀዳዳም ይዘልቃሉ። አፈሩ ሲደርቅ ፎስፈረስ ከቦታው መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ክሮቹ ያለበት ድረስ ሄደው ያመጡታል። የአፈሩን ቅንጣቶችም አያይዘው ስለሚይዙ ውሃ ቶሎ አያመልጥም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የዕጣን ዛፍ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የዛፉ ችግኝ አድጎ ዛፍ መሆን ተስኖታል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው እምሩ ብርሃነና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ፈንገስ ያላቸውንና የሌላቸውን ችግኞች ለ4 ወራት ተከታተሉ። ከፊሎቹን በየሁለት ቀኑ አጠጡ፤ ሌሎቹን 15 ቀን እያጠጡ 15 ቀን አስጠሟቸው። ከሁሉም በላይ ያደጉት ፈንገስ ያላቸውና ውሃ እየተቆራረጠ የደረሳቸው ችግኞች ሆኑ። ፈንገሱም ራሱ በሥሮቹ ውስጥ ይበልጥ የተስፋፋው ውሃው ሲቆራረጥ ነበር። ችግኞቹ ካፈሩት ምግብ አብዛኛውን ያጠራቀሙት በሥራቸው ነው፤ በጋውን የሚሻገሩበት ስንቅ ይህ ነው።

ፈንገሱን አባዝቶ ለገበሬ ማድረስ ቀላል አይደለም። ያለ ሕያው ሥር ስለማይራባ፣ ለምሳሌ በማሰሮ በተተከለ በቆሎ ወይም ማሽላ ሥር ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ በማሳው ያለውን መጠበቅ ይቀድማል። ደጋግሞ ማረስ ክሮቹን ይበጣጥሳል፤ የበዛ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ተክሉን ከሽርክናው ያርቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ ተክል ያጣ መሬት ደግሞ ፈንገሱን ያስርባል።

ፈንገሱን ከውጭ መጨመር ይበልጥ የሚያዋጣው አፈሩ ተሸርሽሮ በተጎዳ መሬትና በችግኝ ጣቢያ ነው። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች ከአሸዋና ከፍግ ጋር የጫካ አፈር መቀላቀል የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ አፈር ጋር ፈንገሱም አብሮ ይገባል፤ ችግኙም ወደ ተከላ ቦታው ሲወሰድ ሽርክናውን በሥሩ ይዞ ይሄዳል።